የሽሮ ሜዳ ጥለትና የአምፖላችን ኬሚስትሪ

ከስድስት ኪሎ ተነስቶ የአሜሪካ ኤምባሲን አልፎ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው ከተራራው ግርጌ ሽሮ ሜዳን ያገኛል። ሽሮ ሜዳ የጉለሌ ሸማኔዎች፣ አብዛኞቹም ከጋሞ ደጋ የመጡ ቤተሰቦች ልጆችና የልጅ ልጆች፣ የእጃቸውን ሥራ የሚያቀርቡበት ገበያ ነው። ነጠላው፣ ጋቢውና ቀሚሱ በአብዛኛው ነጭ ነው፤ ዋጋውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው፣ ገዢንና ሻጭን የሚያከራክረው ግን ዳርና ዳሩ ላይ ያረፈው ጥለት ነው። ስለዚህም ልምድ ያላቸው እናቶች ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት ልብሱን ይዘው ወደ ደጃፍ ብቅ ይላሉ። «እስቲ በፀሐይ ልየው» ይላሉ። ነጋዴውም ደንበኛውን ያውቃልና አይከፋውም።

ይህች አጭር አነጋገር ሰፊ የኬሚስትሪ ትምህርት ይዛለች። የሕግ ጥያቄም አላት። እኔ በትምህርቴ የሕግ ሰው ነኝ፤ ኬሚስትሪውን የተከታተልኩት በንባብ ነው። ንባቡንም የጀመርኩት አንድ ሽምግልና ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። አንድ ቤተሰብ ለሰርግ ቀይ ጥለት ያለው ቀሚስ ያዛል፤ ለወንዶቹም በዚያው ቀይ ፎጣ ተሠርቶ እንዲቀርብ ይስማማል። ልብሱን የተረከቡት አመሻሽ ላይ፣ በሱቁ መብራት ነበር። ሁለቱም ቀዮች አንድ ሆነው ታይተዋል። በማግስቱ ጠዋት ግቢ ውስጥ ሲዘረጉት የቀሚሱ ቀይ ወደ ቡናማ፣ የፎጣው ቀይ ደግሞ ወደ ሮዝ አዘነበለ። ገዢዎቹ «ቀይረው ሰጡን» አሉ። ነጋዴው ማለ፣ ተገዘተ። ሁለቱም ወገኖች እውነት እየተናገሩ ነበር። ያሳሳታቸው የሱቁ አምፖል ነው። በመጨረሻ ፎጣው እንደገና እንዲሠራ፣ ወጪውም እኩል እንዲካፈል ተስማምተው ተለያዩ።

ለመሆኑ አምፖል እንዴት ያሳስታል? ጨርቅ የራሱ ብርሃን የለውም። ቀይ ክር ቀይ የሚሆነው ካረፈበት ብርሃን ውስጥ ቀዩን መልሶ ወደ ዓይናችን ስለሚልክ፣ ሌላውን ግን ስለሚያስቀር ነው። እንግዲህ ካረፈበት ብርሃን ውስጥ ቀይ ከሌለ ወይም ጥቂት ብቻ ከሆነ፣ ክሩ የሚመልሰው ምን ይኖረዋል? የፀሐይ ብርሃን ከሐምራዊ እስከ ቀይ ያሉትን ቀለሞች ሁሉ ሳይቆራረጥ ይዟል። አምፖል ግን እንደ ፀሐይ ነጭ መስሎ እየታየ የፀሐይን ያህል ቀለም ላይይዝ ይችላል። ዓይናችን ሰማያዊና ቢጫ ብርሃን ብቻ በልክ ተቀላቅለው ቢመጡለትም «ነጭ ነው» ብሎ ይቀበላል። ግድግዳ ላይ ያረፈ መብራት ነጭ ስለመሰለን ብቻ ቀለም ሁሉ አለው ማለት አይደለም።

የድሮው ባለ ሽቦ አምፖል ይህ ችግር አልነበረበትም። የጋለ ሽቦ እንደ ፍም ያለማቋረጥ ሁሉንም ቀለም ይሰጣል፤ ቀይማ ይተርፈዋል። ጉድለቱ ሌላ ነበር፤ ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ከአሥር እጅ ዘጠኙ በላይ ብርሃን ሳይሆን ሙቀት ይሆናል። አንባቢ እንደሚያስታውሰው በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ ይጠፋ በነበረበት ጊዜ የያኔው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን ባለ ሽቦውን እየተቀበለ በኃይል ቆጣቢ አምፖል የመለወጥ ዘመቻ የጀመረው ለዚህ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠሩ አምፖሎች ተለወጡ። ኮርፖሬሽኑ በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፈለ፤ አምፖሉም በተራው ለኤልኢዲ ቦታውን ለቀቀ። እኛ ግን በእነዚያ ዓመታት ሳናስተውለው አንድ ትልቅ ለውጥ አድርገናል፤ ከጋለ ሽቦ ብርሃን ወደ ዱቄት ብርሃን ተሻግረናል።

ዱቄቱ ፎስፈር ይባላል። ፎስፈረስ ከሚባለው ንጥረ ነገር ጋር መምታታት የለበትም፤ ስማቸው ብቻ ነው የሚቀራረበው፣ ሁለቱም «ብርሃን ተሸካሚ» ከሚል የግሪክ ቃል የመጡ ናቸው። ፎስፈር አንድ ዓይነት ብርሃን ተቀብሎ በሌላ ቀለም መልሶ የሚሰጥ ነገር ነው። ሰው ይህን ነገር ካወቀው ቆይቷል። በ1603 እ.ኤ.አ. ቪንቼንዞ ካሻሮሎ የተባለ የቦሎኛ ጫማ ሠሪ ወርቅ አገኛለሁ ብሎ አንድ ከባድ ድንጋይ ከከሰል ጋር ሲያቃጥል፣ ድንጋዩ ቀን ፀሐይ ጠጥቶ ሌሊት ሲያበራ አየ። ድንጋዩ ባሪየም ያለበት ነበር። ወርቅ አልተገኘም፤ የፎስፈር ታሪክ ግን ተጀመረ።

የዛሬውን የኤልኢዲ አምፖል ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። የስልካችሁን የፎቶ መብራት ሳይበራ ተመልከቱት፤ ቢጫ ነጥብ ታያላችሁ። ቢጫው ፎስፈሩ ነው። ከሥሩ ያለችው ቅንጣት የምትሰጠው ሰማያዊ ብርሃን ብቻ ነው፤ ይህችን ሰማያዊ ቅንጣት ለመሥራት የተደረገው ትግል አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ ለተባሉት ሦስት ሳይንቲስቶች በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። ኒቺያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1996 እ.ኤ.አ. በሰማያዊዋ ቅንጣት ላይ ቢጫ ፎስፈር ለብጦ ነጭ መብራት ለገበያ አቀረበ። የሰማያዊው ከፊሉ በዱቄቱ ውስጥ ያልፋል፤ ከፊሉ ተውጦ ቢጫ ሆኖ ይወጣል፤ ሁለቱ ሲደባለቁ ነጭ ይመስላሉ። የእኔ ዕድሜ እኩዮች ያደግንበት ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥንም ነጩን የሚያገኘው እንዲሁ ነበር፤ መስታወቱ ከውስጥ በኩል ሰማያዊና ቢጫ በሚያበሩ የዚንክ ውህዶች ተቀብቶ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ቢጫው ዱቄት ከይትሪየም፣ ከአሉሚኒየምና ከኦክስጅን የተሠራ ክሪስታል ነው። ንጹሑ ክሪስታል ሰማያዊ ብርሃን ቢያርፍበት ምንም አያደርግም። የሚያበራው ከመቶ የይትሪየም አቶሞች አንዱ ወይም ጥቂቱ በሴሪየም ሲተኩ ነው። የእኛ አገር ሰው ይህን ለመረዳት የሚቸገር አይመስለኝም። ክሪስታሉ ሊጥ ነው፤ ሴሪየሙ እርሾ ነው። እርሾ የሌለው ሊጥ አይቦካም፤ እርሾ የበዛበትም እንጀራውን ያበላሻል። ሴሪየም ሲበዛም እንዲሁ ነው። አቶሞቹ በጣም ሲቀራረቡ የተቀበሉትን ኃይል አንዱ ለሌላው እያቀበሉት ክሪስታሉ ጉድለት ካለበት ቦታ ይደርስና ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ብርሃኑ ይደክማል።

ሊጡን መለወጥ ደግሞ ሌላ ውጤት አለው። ከይትሪየሙ ከፊሉ በጋዶሊኒየም ቢተካ ቢጫው ወደ ብርቱካን ያዘነብላል። ከአሉሚኒየሙ ከፊሉ በጋሊየም ቢተካ ግን ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። በሁለቱም ጊዜ እርሾው ያው ሴሪየም ነው። የጤፍ ሊጥና የማሽላ ሊጥ በአንድ እርሾ ቢቦኩ እንጀራቸው አንድ እንደማይሆን ማለት ነው።

ምክንያቱ የኤሌክትሮኖች አቀማመጥ ነው። በሴሪየም ውስጥ ብርሃኑን የሚቀበለው ኤሌክትሮን ወደ አቶሙ ውጫዊ ክፍል ይወጣል። በረንዳ ላይ እንደተቀመጠ ሰው የጎረቤቱ ጫጫታ ሁሉ ይሰማዋል። ዙሪያውን ያሉት አቶሞች በቀረቡትና በተጫኑት መጠን ሲመለስ የሚለቀው ብርሃን ቀለሙ ይቀየራል። ዩሮፒየም ደግሞ ሁለት ጠባይ አለው። ሦስት ኤሌክትሮን ሲያጣ፣ ብርሃን የሚሰጠው ኤሌክትሮን ጓዳ ውስጥ እንደተኛ ሰው ነው፤ ጎረቤት ቢለዋወጥም ብዙም አይሰማውም። ስለዚህ ከይትሪየምና ከኦክስጅን ጋር ሲሆን በ611 ናኖ ሜትር አካባቢ የጠራ ቀይ ይሰጣል፤ በሌላ ክሪስታል ውስጥም ቀይነቱን ብዙም አይለቅም። ሁለት ኤሌክትሮን ብቻ ሲያጣ ግን እሱም በረንዳ ላይ ይወጣል። ያኔ ያው ዩሮፒየም ባሪየም፣ ማግኒዥየምና አሉሚኒየም ባሉበት ኦክሳይድ ውስጥ ሰማያዊ፤ ስትሮንሺየምና አሉሚኒየም ባሉበት ኦክሳይድ ውስጥ አረንጓዴ፤ ካልሲየም፣ አሉሚኒየም፣ ሲሊከንና ናይትሮጅን ባሉበት ውስጥ ደግሞ ጥልቅ ቀይ ሆኖ ይወጣል። አረንጓዴው ዲስፕሮሲየም ሲታከልበት፣ መብራት ሲጠፋ ጨለማ ውስጥ የሚያበሩት የአደጋ ጊዜ መውጫ ምልክቶች የሚሠሩበት ዱቄት ነው።

ኃይል ቆጣቢውም ሆነ ረጅሙ ፍሎረሰንት በዚሁ መንገድ ይሠሩ ነበር፤ ልዩነቱ ፎስፈሩን የሚቀሰቅሰው የሜርኩሪ ትነት የሚሰጠው ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት መሆኑ ነው። የድሮዎቹ ረጃጅም መብራቶች አንቲሞኒና ማንጋኒዝ የተጨመረበት የካልሲየም ውህድ ይቀቡ ነበር፤ አንቲሞኒው ሰማያዊውን፣ ማንጋኒዙ ብርቱካኑን ይሰጣል። ማንጋኒዙ ሲበዛ መብራቱ ሞቅ ይላል፣ ሲያንስ ይቀዘቅዛል። ቆጣቢው አምፖል ግን በሦስት ዱቄቶች ድብልቅ ይሠራል፤ ቀዩና ሰማያዊው ከዩሮፒየም፣ አረንጓዴው ከተርቢየም ነው። ስለ ሜርኩሪው ግን በቸልታ መታለፍ የለበትም። መጠኑ ሚሊግራም ቢሆንም መርዝ ነው። ለዚህም ነው የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች በ2023 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ ባደረጉት ጉባዔ የፍሎረሰንት አምፖሎችን ማምረትና መነገድ እስከ 2027 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለማስቆም የወሰኑት። የተሰበረ ቆጣቢ አምፖል ልጆች በሚጫወቱበት ቦታ መጣል የለበትም።

አሁን «ታዲያ ቀዩ የት ሄደ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ቢጫው የሴሪየም ፎስፈር ጉልበቱ ያለው በ550 ናኖ ሜትር አካባቢ ነው፤ ወደ ጥልቅ ቀይ ሲሄድ እየሳሳ ይመጣል። ጉድለቱን ለመሙላት ቀይ ፎስፈር መጨመር ያስፈልጋል፤ ወይ ዩሮፒየም ያለበትን የናይትሮጅን ውህድ፣ ወይ ማንጋኒዝ ያለበትን የፖታሲየም፣ የሲሊከንና የፍሎሪን ውህድ። ይህ ገንዘብ ነው። ከገንዘቡ የባሰ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የሰው ዓይን ከሁሉም ቀለም አብልጦ የሚያየው ቢጫ ያዘለውን አረንጓዴ ነው፤ ጥልቅ ቀይ ለዓይን ደካማ ነው። አምፖሎች የሚወዳደሩበት የብርሃን መጠን፣ ማለትም ሉመን፣ የሚለካው በዓይን ስሜት ስለሆነ ቀይ የጨመረ አምራች በካርቶኑ ላይ የሚጽፈው ቁጥር ይቀንስበታል። በአጭሩ፣ ቀዩን ያጎደለው አምራች አምፖሉ ረከስ ብሎ፣ ደመቅ ብሎ ይቀርባል። ታማኙ አምራች ውድና ደብዛዛ መስሎ ይታያል።

ካርቶኑ ላይ የተጻፉት ቁጥሮች ሁሉ ይህን አይነግሩንም። ዋት የሚነግረን የሚወስደውን ኤሌክትሪክ ነው። ኬልቪን የሚነግረን መብራቱ ራሱ ቀዝቃዛ ነጭ ይሁን ሞቅ ያለ ነጭ ነው፤ ባለ 6500 ሰማያዊ ያዘለ ነው፣ ባለ 3000 ቢጫ ያዘለ ነው። ዕቃው በብርሃኑ ሥር ምን ይመስላል ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ሲአርአይ የሚባለው ቁጥር ነው፤ ጣሪያው 100 ነው። እሱም ቢሆን ቀዳዳ አለው። የተለመደው ሲአርአይ የስምንት ፈዘዝ ያሉ ቀለሞች አማካይ ነው፤ ደማቁ ቀይ ዘጠነኛ ስለሆነ አማካዩ ውስጥ አይገባም። በዚህም የተነሳ 80 የሚል የተጻፈበት አምፖል በዘጠነኛው ቀለም ዜሮ አካባቢ ሊያገኝ ይችላል። የጥለታችን ቀይ የወደቀው በዚህ ቀዳዳ ነው።

የሰርጉ ልብስ ምሥጢርም እዚህ ጋ ይፈታል። ቀሚሱና ፎጣው በተለያየ ቀለም የተነከሩ ክሮች ነበሩ። ልዩነታቸው ያለው ጥልቁ ቀይ ላይ ነው። የሱቁ መብራት ጥልቅ ቀይ ስለሌለው ልዩነታቸውን የሚያሳይበት ነገር አልነበረውም፤ ፀሐይ ግን ያለውን ሁሉ አሳየች።

ነጩም የራሱ ታሪክ አለው። የብዙ ዱቄት ሳሙናና የፋብሪካ ክር ነጭነት ከኬሚካል የሚመጣ ነው፤ አልትራቫዮሌቱን ተቀብሎ ሰማያዊ አድርጎ የሚመልስ፣ የፎስፈር ዘመድ የሆነ ማንጫ ይጨመርበታል። ተራው ኤልኢዲ አልትራቫዮሌት ስለሌለው ይህ ማንጫ ሱቅ ውስጥ ይተኛል፤ ደጅ ሲወጣ ይነቃል። በእጅ የተፈተለና ያልታጠበ ጥጥ ግን ማንጫ የለበትም። ነጋዴዎች ሐሰተኛ የብር ኖት የሚለዩበትን ሐምራዊ መብራት ጨለማ ውስጥ ቢያበሩበት ፈትሉ ደብዝዞ ይቀራል፤ ማንጫ ያለበት የፋብሪካ ክር ሰማያዊ ሆኖ ይንቦገቦጋል። የብሩ ወረቀትም የሚለየው በዚሁ ዘዴ ነው፤ ተራ ወረቀት ይንቦገቦጋል፣ የኖቱ ወረቀት ይደበዝዛል። «እውነተኛ ፈትል ነው» ለሚል ሻጭ ይህ ርካሽ ምስክር ነው። ልብሱ በሳሙና ታጥቦ ከሆነ ግን ምስክርነቱ አይሠራም።

እንግዲህ ወደ ሙያዬ ልመለስ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የተስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ እንዲሆን ያዛል። ገዢም ዕቃውን ለመመርመር እንደቻለ እንዲመረምር ግዴታ ይጥልበታል። በእኔ አመለካከት ቀለም ዋጋ በሚሆንበት ገበያ፣ ቀይ በሌለው መብራት ሥር ያለፈ ምርመራ ምርመራ ሊባል አይገባውም። ገዢው «ለመመርመር የቻለው» ልብሱን በፀሐይ ሲያየው ነው። ሁለተኛ፣ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ይህ መብት ለቀሚስ ገዢ ብቻ ሳይሆን ለአምፖል ገዢም ነው። አምፖል ለመብራት ይገዛል፤ ብርሃኑ የትኛውን ቀለም እንደሚያሳይ ያልተጻፈበት ካርቶን በቂ መረጃ ሰጥቷል ለማለት ይቸግረኛል። ሥጋ ቀልቶ እንዲታይ ተብለው የሚሠሩ አምፖሎች በዓለም ገበያ መኖራቸውን ለሚያውቅ ሰው ጉዳዩ ቀልድ አይደለም። አምራቾች ዱቄቱን እንደፈለጉት መቀመም ይችላሉ፤ የቀመሙትን እንዲናገሩ ማድረግ የሕግ ሥራ ነው።

መፍትሔው ከአቅም በላይ አይደለም። አስመጪው በካርቶኑ ላይ ሲአርአይንና የዘጠነኛውን ቀለም ውጤት በአማርኛ ማብራሪያ እንዲጽፍ የሚያስገድድ መመሪያ ማውጣት ብዙ ወጪ የለውም። የሽሮ ሜዳ ነጋዴም ሱቁን በሙሉ መለወጥ አይጠበቅበትም፤ ደንበኛ በሚቆምበት መስታወት ላይ 90ና ከዚያ በላይ የሆነ አንድ ሁለት አምፖል ቢሰቅል ይበቃዋል። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» እንደሚባለው ጥቅሙ ለራሱ ነው፤ የተመለሰ ልብስና የጠፋ ደንበኛ ከአምፖል ዋጋ ይበልጣልና።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ስሙ የማይነሳው ባለድርሻ ሸማኔው ነው። እሱ ድርና ማጉን አስማምቶ፣ ቀዩን ከወርቃማው ለይቶ ቀናት ሲደክም ይቆያል። ሥራው ግን ሌላ ሰው በገዛው ርካሽ አምፖል ሥር ይመዘናል፤ ደብዝዞ ከታየም ዋጋው የሚወርደው በእሱ ላይ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አምፖል ስትገዙ ከዋቱና ከዋጋው አስቀድማችሁ ሲአርአዩ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ሻጩ መጀመሪያ ላይ ግር ሊለው ይችላል። ጠያቂ ሲበዛ ግን እሱም አስመጪውን መጠየቅ ይጀምራል።